የጭራቅ ወዳጅነት ጨዋታዎች፦ የትኛው ለማን?

በሐረር ከፈላና በር ውጪ ምሽት ላይ ጅብ የሚያበላውን ሰው አጠገቡ ተቀምጦ ያየ አንድ ነገር ልብ ማለቱ አይቀርም። ሰውየው በአጭር እንጨት ላይ ያንጠለጠለውን ሥጋ፣ እንጨቱን በጥርሱ ነክሶ ሲያቀርብ ጅቧ ከጨለማው ወጥታ ትወስዳለች። በስም ይጠራታል፤ በገመድ ግን አላሰራትም፤ ካልፈለገች አትመጣም። ጀጎልም ቢሆን ጅቦች ሌሊት እንዲገቡበት በግንቡ ላይ ቀዳዳ የተተወለት ከተማ ነው። ሰውና ጭራቅ የሚወዳጁባቸውን ጨዋታዎች ሳወዳድር የምጠቀምበት ሚዛን ከዚያ የወሰድኩት ነው፦ ጭራቁ የራሱ ፈቃድ አለው ወይስ ኪስ ውስጥ የሚገባ ዕቃ ነው?

ጥያቄው የመጣው ከእህቴ ልጅ ነው። ድሬዳዋ የምትኖር የ13 ዓመት ልጅ ናት፤ ያገለገለ ስዊች (የኒንቴንዶ የጨዋታ መሣሪያ) ከተገዛላት በኋላ «አጎቴ፣ ከእነዚህ የትኛውን ልግዛ?» ብላ የጨዋታዎች ዝርዝር ላከችልኝ። ዝርዝሩን አንድ በአንድ ተጫውቼ ካየሁት በመነሳት፣ ለእርሷ የነገርኳትን ለሌሎች ገዢዎችም እጽፋለሁ።

ፖኬሞን ስካርሌት እና ቫዮሌት እ.ኤ.አ. በኅዳር 2022 ለስዊች የወጡ መንትያ ጨዋታዎች ሲሆኑ፣ ከሁለቱ አንዱን መግዛት ይበቃል። ፖኬሞን እ.ኤ.አ. በ1996 በጌም ቦይ ሲጀምር ፈጣሪው ሳቶሺ ታጂሪ በልጅነቱ ነፍሳት ያድን የነበረበትን ደስታ ለማስታወስ የሠራው ነውና፣ ዛሬም ድረስ መሠረቱ መሰብሰብ ነው። ወዳጅነት የለም ማለት ግን አይደለም። እያንዳንዱ ፖኬሞን ከ0 እስከ 255 የሚደርስ፣ ለተጫዋቹ በቁጥር የማይታይ የወዳጅነት መለኪያ አለው፤ አብረውት ሲጓዙና በሽርሽር ሜዳ ላይ ሲያጥቡት ከፍ ይላል፤ በውጊያ ሲወድቅ ይቀንሳል። ኢቪ የምትባለው ትንሽ ፍጡር ይህ መለኪያ 160 ሲደርስላት፣ ደረጃዋ በቀን ከፍ ካለ ወደ ኤስፒዮን፣ በሌሊት ከሆነ ደግሞ ወደ አምብሪዮን ልትለወጥ ትችላለች። አንዳንዶቹም፣ ለምሳሌ ፓውሞ፣ ተይዘው ከሚቀመጡበት ኳስ ወጥተው ከተጫዋቹ ጎን 1,000 እርምጃ ካልሄዱ ወደሚቀጥለው መልካቸው አይለወጡም። በጣም የወደደህ ፖኬሞን ደግሞ ሊጥለው የነበረውን ምት ችሎ በአንዲት ነጥብ ሕይወት ይቆማል፤ ምክንያቱንም ጨዋታው አንተን ላለማሳዘን ብሎ እንደሆነ ይነግርሃል። ይህን ለመጀመሪያ ጊዜ ሳይ ፈገግ ማለቴ አልቀረም። ያም ሆኖ ፖኬሞኑ በኳስ ውስጥ ያድራል፤ ሳይጠሩት አይወጣም፤ ሳጥን ውስጥ ለወራት ቢረሳም ቅር አይለውም። በፖኬሞን የካርቱን ፊልም ላይ ፒካቹ ኳስ ውስጥ አልገባም ብሎ እምቢ ማለቱ ተመልካቹን የማረከው፣ ጨዋታው የማይፈቅደውን ነገር ስላደረገ ይመስለኛል።

የዲጂሞን ነገር ከሥሩ የተለየ ነው። እ.ኤ.አ. በ1997 የጀመረው በእጅ በሚያዝ ትንሽ መሣሪያ ላይ በሚኖር፣ ካልተመገበ በሚሞት ፍጡር ሲሆን፣ «ዲጂሞን ወርልድ፦ ኔክስት ኦርደር» የዚያን ባሕርይ ሳይለቅ የወጣ ጨዋታ ነው። ለስዊችና ለኮምፒውተር የመጣው እ.ኤ.አ. በየካቲት 2023 ነው፤ ለፕሌይስቴሽን 4 ደግሞ ከዚያ በፊት ወጥቷል። ሁለት ዲጂሞን በአንድ ጊዜ ከኋላህ ይከተሉሃል። ይርባቸዋል፣ ይደክማቸዋል፤ መጸዳጃ ቤት ሲያስፈልጋቸውም ከራሳቸው በላይ ምልክት ይወጣል፤ በጊዜው ካላደረስካቸው መንገድ ላይ ይጸዳዳሉ። ስታመሰግናቸውና ስትገሥጻቸው ጠባያቸው ይቀረጻል። በውጊያ ላይ የሚዋጉት በራሳቸው ፈቃድ ነው፤ የአንተ ድርሻ በዋናነት በትክክለኛው ቅጽበት ማበረታታት ሲሆን፣ ትእዛዝ ለመስጠት የሚያስችልህ ነጥብ የሚጠራቀመውም በዚሁ ነው። ከዚያም ያረጃሉ፤ ይሞታሉ፤ በእንቁላል ተመልሰው ከቀድሞ ጉልበታቸው የተወሰነውን ይዘው ይወለዳሉ።

የእህቴ ልጅ ጋቡሞን የተባለ ዲጂሞኗን ጋሩሩሞን እስከሚባለው ከፍ ያለ መልኩ አድርሳ ቆይታ አንድ ቀን ማታ ደወለችልኝ። ድምፅዋ ተሰብሯል።

«አጎቴ፣ ሞተብኝ እኮ! ምን አጥፍቼ ነው?»

«ምንም አላጠፋሽም፤ አርጅቶ ነው።»

ዝም አለች። ከዚያ «እንቁላሉን ዛሬ አልመርጥም» ብላ ዘጋችው፤ በሦስተኛው ቀን መረጠች። ከዝርዝሩ ውስጥ እንዲህ ያደረጋት ሌላ ጨዋታ የለም። ይሁን እንጂ ይህ ጨዋታ ለሁሉም የሚሆን አይደለም፦ የመጀመሪያዎቹ ሰዓታት ሥራ የሚበዛባቸው ናቸው፤ ስፖርት ማሠራትና ማብላት ይደጋገማል፤ ታሪኩም ቀጭን ነው። በስዊችና በኮምፒውተር ቅጂው ላይ የጀማሪ ደረጃና የመሮጥ ችሎታ ስለተጨመሩ ከቀድሞው ይቀላል። ከ10 ዓመት በታች ላለ ልጅ ግን ሞቱን ከማስረዳት በፊት ባልገዛ ይሻላል እላለሁ።

በሁለቱ መካከል የሚቆመው «ሞንስተር ሃንተር ስቶሪስ 2» ነው፤ እ.ኤ.አ. በሐምሌ 2021 ለስዊችና ለኮምፒውተር፣ በ2024 ደግሞ ለፕሌይስቴሽን 4 ወጥቷል። በዚህ ጨዋታ ጭራቁን በኳስ አትይዘውም፤ ከዋሻ ውስጥ እንቁላል ሰርቀህ፣ በክብደቱና በጠረኑ መርጠህ፣ ፈልፍለህ አሳድገህ ትጋልበዋለህ። (የእንቁላል ስርቆት የወዳጅነት መጀመሪያ መሆኑ ለምን ማንንም እንደማያስጨንቅ አልገባኝም።) ውጊያው በኃይል፣ በፍጥነትና በብልሃት መካከል እንደ ድንጋይ፣ ወረቀት፣ መቀስ ያለ ዙር ነው፤ ጭራቁ እንደ ተፈጥሮው በራሱ ምርጫ ይመታል፤ በግድ ሌላ ምት እንዲመታ ካዘዝከው ከዝምድና መለኪያህ ላይ ይቀነሳል። ይህ መለኪያ ሲሞላ ጀርባው ላይ ወጥተህ አንድ ላይ ትዋጋላችሁ። ትእዛዝ ዋጋ የሚያስከፍልበት፣ መተማመን ደግሞ በትርፍ የሚመለስበት ይህ አሠራር ከአራቱ ጨዋታዎች ሁሉ ብልህነት ያየሁበት ነው። ጉድለቱ የጂን (ችሎታን የሚወስን የዘር ባሕርይ) ማሸጋገሪያ ሥርዓቱ ነው፦ ለአንዱ ጭራቅ ጂን የሰጠው ሌላው ጭራቅ ተሰናብቶ ይሄዳልና፣ ጠንካራ ቡድን ለመሥራት የሚፈልግ ተጫዋች በደርዘን የሚቆጠሩ «ዘመዶቹን» ሳያስበው ያሰናብታል።

«ድራጎን ኩዌስት ሞንስተርስ፦ ዘ ዳርክ ፕሪንስ» እ.ኤ.አ. በታኅሣሥ 2023 ለስዊች የወጣ ሲሆን፣ በ2024 ለኮምፒውተርና ለስልክም ደርሷል። ከ500 በላይ ጭራቆች አሉት፤ ሁለቱን አዋህደህ ሦስተኛ ትፈጥራለህ፤ ወላጆቹ ግን ይጠፋሉ። ለስሌት ወዳዶች ግሩም ነው፤ ወዳጅነት ለሚፈልግ ግን ባዶ ነው። ስዊች ለሌለውና ስልክ ላላቸው ሰዎች ዋጋው የሚታየው እዚህ ላይ ነው።

ብዙዎች ስለሚጠይቁኝ ስለ ፓልወርልድ አንድ አንቀጽ ልጨምር። እ.ኤ.አ. በጥር 2024 ገና ሳይጠናቀቅ ለሽያጭ ቀርቦ፣ ኒንቴንዶና ፖኬሞን ኩባንያ በዚያው ዓመት በመስከረም በቶኪዮ የፓተንት ክስ መሠረቱበት። ጭራቆቹ እንጨት ይፈልጣሉ፣ ፋብሪካ ውስጥ ይሠራሉ፤ የአእምሮ ጤናቸው ሲጎዳ ሥራ ያቆማሉ፤ ከፈለግህም በቢላ ታርዳቸዋለህ። ከጓደኞች ጋር ለመገንባት አዝናኝ ነው፤ የወዳጅነት ጨዋታ ብሎ ለልጅ መግዛት ግን ስህተት ነው። ኮምፒውተሩም ቢያንስ 16 ጊጋባይት ራምና 40 ጊጋባይት ባዶ ቦታ ይፈልጋልና፣ የቢሮ ላፕቶፕ አይችለውም።

ወደ ግዢው ስንመጣ፣ በእኛ አካባቢ ከጨዋታው እኩል መታየት ያለበት መሣሪያው ነው። እ.ኤ.አ. የ2017ቱ ስዊች ባትሪ እንደ ጨዋታው ከ2.5 እስከ 6.5 ሰዓት፣ የ2019ኙ እድሳት ደግሞ ከ4.5 እስከ 9 ሰዓት ይቆያል፤ መብራት ሲጠፋ ልዩነቱ ይሰማል። አምራቹ መሣሪያው ከ5 እስከ 35 ዲግሪ ባለው ሙቀት እንዲሠራ መክሯል፤ የድሬ የግንቦትና የሰኔ ከሰዓት ግን ከዚያ ይበልጣል። ስለዚህ ቀን ከማራገቢያ አጠገብ፣ አለበለዚያ ማታ መጫወት ነው፤ ሐረር ላሉት ይህ ችግር አይደለም። ስዊች ላይት ከቴሌቪዥን ጋር አይገናኝም፤ አንድ ሻጭ ይገናኛል ብሎኝ ገዝቼ መመለስ አቅቶኛል።

አንዳቸውም አማርኛ የላቸውም። ፖኬሞን ድምፅ የለውም፣ ሁሉንም በጽሑፍ ያነብባሉ፤ ስለዚህ እንግሊዝኛ ገና ለሚማር ልጅ አንዳንዴ ይከብዳል፤ ስቶሪስ 2 ግን በእንግሊዝኛ ድምፅ ስለሚናገር ይቀላል። ምርጫዬን ለሚጠይቀኝ የምመልሰው፦ ለመጀመሪያ ተጫዋችና ወንድምና እህት በአንድ መሣሪያ ለሚጋሩበት ቤት ፖኬሞን፤ ጭራቁ ራሱን የቻለ ፍጡር እንዲሆን ለሚፈልግና ታሪክም ለሚወድ ስቶሪስ 2፤ ልቡ የሚሰበር ቢሆንም እውነተኛ እንክብካቤ ማድረግ ለሚፈልግ ኔክስት ኦርደር። ለእህቴ ልጅ በመጨረሻ የመከርኳት ስቶሪስ 2ን ነበር፤ ኔክስት ኦርደርን የገዛችው በራሷ ገንዘብ ነው።

ያገለገለ ካርትሪጅ ሲገዛ የቀድሞው ባለቤት ጭራቆች አብረው አይመጡም፤ ሴቩ (ጨዋታው የደረሰበት መዝገብ) የሚቀመጠው ካርትሪጁ ላይ ሳይሆን ኮንሶሉ (መሣሪያው) ላይ ነውና። እንደዚሁም ካርትሪጁን ሸጦ ሌላ ጊዜ መልሶ የገዛ ሰው ጭራቆቹን እንደተዋቸው ያገኛቸዋል፤ ኮንሶሉን ከሸጠ ግን አብረው ይሄዳሉ። ስካርሌትና ቫዮሌት ሴቩን በኢንተርኔት እንዲቀመጥ ስለማይፈቅዱ፣ መሣሪያ የሚቀይር ሰው አሮጌውን ከመሸጡ በፊት ሁለቱን አጠገብ ለአጠገብ አስቀምጦ ያሸጋግር።