ለዓለም ዙሪያ የመርከብ ጉዞ ቀብድ ልትከፍሉ ከሆነ ትንሽ ቆዩ

እዚህ ባሕር ዳር «በ4 ወር ዓለምን ዙሩ» የሚል ማስታወቂያ በቴሌግራም ከስልክ ስልክ እየዞረ ነው። ከላይ ባለ ብዙ ፎቅ ነጭ መርከብ፣ ከታች ደግሞ በቀይ ፊደል «ቪዛ አያስፈልግም!» ይላል። ደውላችሁ ከሆነ፣ ወይም ውጭ ያለ ልጃችሁ ሊያስደስታችሁ ብሎ ካርዱን ሊያወጣ ከሆነ፣ እስኪ መጀመሪያ የእኔን ስሙ። እኔና ልጄ 6,960 ዶላርና 85,000 ብር ከፍለን መርከቡን በፎቶ ብቻ አይተን ቀርተናል።

31 ዓመት ጂኦግራፊ አስተምሬ ነው ጡረታ የወጣሁት። ማጄላን በ1519 እ.ኤ.አ. በ5 መርከብ ተነሥቶ፣ እሱ ፊሊፒንስ ላይ ተገድሎ፣ በ1522 አንዲት መርከብ 18 ሰው ይዛ ስፔን መግባቷን ስንቴ ጥቁር ሰሌዳ ላይ ጽፌያለሁ። ፓናማ ላይ መርከብ እንደ ደረጃ 26 ሜትር ወጥቶ ሐይቅ ላይ እንደሚንሳፈፍ ለልጆች በእጄ እያሳየሁ አስረዳለሁ፤ በዓይኔ ግን አይቼው አላውቅም። እውነቱን ልናገርና ያማለለኝ ይህ እንኳ አይደለም። ትውልዴ ሰከላ ነው። ግልገል ዓባይን በባዶ እግሬ እየተሻገርሁ ነው ያደግሁት። በጉዞው ፕሮግራም ላይ 117ኛው ቀን «እስክንድርያ» ይላል። (እስክንድርያ በትክክል የዓባይ አፍ ላይ አይደለችም፤ አፉ ሮዜታና ዳሚየታ ነው። ይሁን፣ ይበቃኛል አልሁ።) ልጄ ከአሜሪካ በስልክ ስታነብልኝ ዝም አልሁ። እሷ ዝምታዬን እሺ ብላ ቆጠረችው።

ማስታወቂያውን ያወጣው ወኪል ቢሮ ሄድሁ። ልጁ ትሑት ነው፤ ስገባ ከወንበሩ ተነሥቶ በሁለት እጁ ጨበጠኝ፣ ቡና አስመጣልኝ። ቪዛውን ስጠይቀው ሳቀ። «ጋሼ፣ መርከብ እኮ እንደ አውሮፕላን አይደለም። ወደብ ሲደርሱ የመርከቡን ካርድ አሳይተው ይወርዳሉ፣ ማታ ተመልሰው ይተኛሉ። ቪዛ እዚያ ለሚከርም ሰው ነው።»

ይህ ነገር ለልጄ በአብዛኛው እውነት ነው፤ የአሜሪካ ፓስፖርት ይዛለችና። ለእኔ ግን ሐሰት ነው። ይህን ሁሉ የምጽፈውም በዚህ ምክንያት ነው። ይህ ዓይነቱ ጉዞ የተሰናዳው አብዛኛው በር ሳይንኳኳ ለሚከፈትለት ፓስፖርት ነው። የእኛን ፓስፖርት ለያዘ ሰው የሚሸጥለት አንድ ጉዞ አይደለም፤ አገሮቹን ያህል የቪዛ ማመልከቻ ነው።

የእኛን መንገድ ልንገራችሁ። መርከቡ የሚነሣው ከባርሴሎና ነው፤ ስለዚህ ሼንገን፣ ማለትም ስፔንን ጨምሮ ብዙዎቹን የአውሮፓ አገሮች በአንድነት የሚያስገባው ቪዛ። ያውም ከ4 ወር በኋላ ተመልሶ እዚያው ስለሚያራግፈን አንዴ ብቻ የሚያስገባው ቪዛ አይበቃም፣ ደጋግሞ የሚያስገባ መሆን አለበት። ከዚያ ሃዋይ፣ ማለትም የአሜሪካ ቪዛ፤ ይህ ከዚህ በፊት ልጄን ልጠይቅ ሄጄ ስለነበር በእጄ ነበር። ከዚያ ታሂቲ። ታሂቲ የፈረንሳይ ግዛት ናትና በሼንገኑ እገባለሁ ብዬ ነበር፤ አይሆንም፣ ለብቻዋ ቪዛ ትፈልጋለች። ጂኦግራፊ አስተማሪው ይህን አያውቅም ነበር! ከዚያ አውስትራሊያ፣ ሕንድ፣ ግብፅ።

እስኪ አስቡት፤ ፓስፖርቴ አንድ ነው። አንዱ ኤምባሲ ሲይዘው ሌላው ጋ መውሰድ አልችልም። ሼንገን ደግሞ ከጉዞው 6 ወር በፊት ቀድማችሁ ብታመለክቱ አይቀበላችሁም። ስለዚህ ጥር ላይ ለሚነሣ መርከብ በር የሚከፈተው ሐምሌ ላይ ነው። ቀሪውን ገንዘብ ሙሉ በሙሉ ክፈሉ የሚባለው ደግሞ በመስከረም። በሁለት ወር ተኩል ውስጥ ይህ ሁሉ ቪዛ! መንገዱ ሰላም ሲሆን ደጀን ላይ የዓባይን በረሃ ወርጄ ወጥቼ፣ ሳይሆን በአውሮፕላን፣ አዲስ አበባ ተመላለስሁ። ለሼንገኑ ብቻ ማመልከቻው 90 ዩሮ ነው፤ ቢከለክሏችሁም አይመለስም።

ነሐሴ ላይ ለወኪሉ ደውዬ ነገሩን ብነግረው ምን ቢለኝ ጥሩ ነው? «ችግር የለም ጋሼ፣ ቪዛ ያላገኙበት ወደብ ላይ አይወርዱም፣ ከመርከቡ ሆነው ያዩታል።» ልጄ ያን ዕለት ማታ የውሉን ሙሉ ጽሑፍ ፈልጋ አገኘች። 41 ገጽ ነው። እኛ በፈረምንበት ጊዜ የተሰጠን 3 ገጽ ነበር። በሙሉው ላይ የተጻፈው፣ ለአንዱም ወደብ ቢሆን ሰነድ የጎደለው መንገደኛ ገና ከመነሻው አይሳፈርም፣ የከፈለውም አይመለስለትም ይላል። ልውረድ አልውረድ ብሎ ነገር የለም። ባርሴሎና ድረስ ሻንጣዬን ጎትቼ ሄጄ በር ላይ ይመልሱኝ ነበር ማለት ነው።

እዚያው ውል ላይ ሌላም አለ። ኩባንያው በፈለገ ጊዜ ወደብ መለወጥ፣ መዝለል፣ መንገድ መቀየር ይችላል፤ እናንተ ግን በዚህ ምክንያት ብትሰርዙ ሰራዡ እናንተ ናችሁ። ሰኔ ላይ አንድ ኢሜይል መጣ፦ በስዊዝ ቦይ ማለፉ ቀርቷል። ከ2016 ዓ.ም. ኅዳር ጀምሮ የየመን ታጣቂዎቹ ሁቲዎች በቀይ ባሕር መርከቦችን ማጥቃት ከጀመሩ ወዲህ ብዙ የዓለም ዙሪያ መርከቦች አፍሪካን በደቡብ እየዞሩ ነው የሚያልፉት። ይህ ቀብዱን ስንከፍል ያልታወቀ ነገር አልነበረም፤ ሻጮቹ እያወቁ ነው እስክንድርያን ፕሮግራሙ ላይ እንዳለች ያቆዩት፤ ደምቃ ትታያለችና። በእሷ ፈንታ ኬፕታውንና ዋልቪስ ቤይ ተተኩ። ያ ማለት ግብፅ ከቪዛው ዝርዝር ወጣች፣ ደቡብ አፍሪካና ናሚቢያ ገቡ። እኔ ደግሞ የመጣሁበት ጉዳይ ቀረ። ለወኪሉ ደውዬ «ታዲያ እስክንድርያ ከሌለችበት እኔ ምን ልሠራ ነው የምሄደው?» ብዬ ብጠይቀው «ኬፕታውን ከእስክንድርያ በጣም ትበልጣለች ጋሼ» አለኝ። እንግዲህ ለሰከላ ሰው እንዲህ ይባላል?

ስለ ዋጋው። ማስታወቂያው ለአንድ ሰው 17,400 ዶላር፣ «ሁሉም ተካቷል» ይላል። ሁሉም የተባለው ክፍል፣ ምግብና የማታ ዘፈን ነው። የወደብ ክፍያና ግብር 1,900 ለብቻው። ለመርከቡ ሠራተኞች ጉርሻ በሰው በቀን 18 ዶላር፣ ወደዳችሁም ጠላችሁም ከሒሳባችሁ ላይ ይቆረጣል፤ ለ124 ቀን 2,232 ይመጣል። ወደብ ላይ ወርዳችሁ በአስጎብኚ መዞር በየወደቡ ይከፈላል። ኢንተርኔት ይከፈላል። ሐኪሙ ይከፈላል፤ በዕድሜዬ ደግሞ ከመርከብ በሄሊኮፕተር እስከማውረድ የሚሸፍን መድን ካልገዛሁ ማንም እንድሄድ አይመክረኝም። የአውሮፕላን ትኬቱን ስንጨምር ለእኔ ብቻ ከ23,000 አለፈ። ጣና ወደብ ላይ ዘጌ ልታደርሱን ስንት ነው ብትሏቸው ባለጀልባዎቹ ዋጋ ያስወድዱባችኋል እንጂ፣ ቢያንስ ሳትሳፈሩ በፊት መጠበቂያው ስንት እንደሆነ ይነግሯችኋል።

ክፍሉም እንዲሁ ነው። ፎቶው ላይ ባሕር የሚያይ በረንዳ አለው። የተያዘልን ግን መስኮት የሌለው የውስጥ ክፍል ነው። ለ124 ሌሊት ጎሕ ሲቀድ የማይታይበት ክፍል! ይህ እንኳ ተመችቶኝ ነበር፣ ልጄ ናት የተናደደችው።

አሁን ወደ ገንዘቡ አያያዝ ልምጣ፤ ብዙ ሰው የሚበላው እዚህ ላይ ይመስለኛል። ቀብዱ 20 ከመቶ ነው፤ የሁለታችን 6,960 ዶላር። ልጄ የላከችው ለመርከቡ ኩባንያ ሳይሆን ወኪሉ በሰጣት፣ ዱባይ ባለ በአንድ ግለሰብ ስም በተከፈተ ሒሳብ ነው። ቦታው መያዙስ እውነት ተይዟል፤ ቁጥሩን ይዛ ኩባንያው ጋ ደወለች። የተመለሰላት መልስ «ጉዞውን ያስያዘው ወኪል ስለሆነ ከወኪላችሁ ጋር ተነጋገሩ» የሚል ነው። መሰረዝም፣ መለወጥም፣ መጠየቅም የሚችለው እሱ ብቻ ነው። እሱ ደግሞ የዚያን ሰሞን ስልክ አያነሣም።

ደግሞ ሌላ ወጥመድ አለላችሁ። ዋጋው የተተመነው ለሁለት ሰው ነው። «አባዬ፣ እኔ ልሂድና ፎቶ ላምጣልህ» ብላ ነበር። እኔ ከቀረሁ ግን ክፍሉን ብቻዋን ስለምትይዝ የሁለት ሰው ያህል ልትከፍል ነው።

የውሉ የመሰረዣ ሰንጠረዥ፣ ከጉዞው 120 ቀን በፊት ከሆነ ቀብዱን ብቻ ታጣላችሁ፤ ከዚያ በኋላ ግማሹን፤ 90 ቀን ሲቀረው ሁሉንም ይላል። ግድግዳዬ ላይ ካለው ካሌንደር ቀኑን አንድ በአንድ ቆጥሬ፣ 126 ቀን ሲቀረው በጽሑፍ አሰረዝን። ወኪሉ «ትንሽ ይታገሡ ጋሼ፣ ቪዛው ሊመጣ ይችላል» እያለ ነበር። ብንታገሥ ኖሮ ስድስት ቀን ነበር የቀረን። እሱ ይህን አያውቅም ማለት ይከብደኛል።

85,000 ብሯ ደግሞ «የቢሮ አገልግሎት» የተባለች ናት። ደረሰኝ ብዬ ስጠይቅ ከደብተር ተቀድዶ «85,000 ብር ተቀብያለሁ» የሚል በእጅ የተጻፈ ወረቀት ሰጥቶኛል። የግብር ከፋይ ቁጥር የለው፣ ማኅተም የለው። ሞኝና ወረቀት የያዘውን አይለቅም እንዲሉ፣ እኔም አልለቀቅኋትም። የቴሌግራሙን ማስታወቂያ ከነቀኑ ፎቶ አንሥቼ፣ ከወረቀቷ ጋር አያይዤ አቤቱታ አስገብቻለሁ። በ2006 ዓ.ም. የወጣው የንግድ ውድድርና የሸማቾች ጥበቃ አዋጅ ቁጥር 813 አሳሳች ማስታወቂያን ይከለክላል፣ ሸማችም ለደረሰበት ጉዳት ካሣ መጠየቅ እንደሚችል ይደነግጋል። «ቪዛ አያስፈልግም» የምትለዋ ቀይ ጽሑፍ ናት ማስረጃዬ። ማስታወቂያውን እስካሁን ከስልካችሁ ያላጠፋችሁ ካላችሁ አታጥፉት፣ ፎቶ አንሡት።

ወኪሉ ውጭ ዘመድ ለሌላቸው ሰዎች ደግሞ «ብሩን በእጅ ስጡን፣ ዶላሩን እኛ እንጨርሳለን» እያለ ነው። ይህ ከባንክና ፈቃድ ካለው የምንዛሪ ቢሮ ውጭ የውጭ ምንዛሪ መገበያየት ነው፤ ሕገ ወጥ ነው። ነገ ነገሩ ቢበላሽ ልትከሱት ስትሄዱ መጀመሪያ ራሳችሁን ነው የምትከሱት።

መርከብ አትሂዱ አላልሁም። የሚሄድ ሰው ካለ፣ ከቀብዱ በፊት የወደቦቹን ስም በሙሉ ይጻፍና ከፓስፖርቱ ጋር አንድ በአንድ ያመሳክር፤ ሙሉውን ውል እንጂ ማጠቃለያውን አይፈርም፤ ገንዘቡም በቀጥታ ለመርከቡ ኩባንያ ይግባ። ወኪሉ በዚህ ካኮረፈ ይኮርፍ።

ባለፈው ሳምንት ደግሞ ይኸው ወኪል አዲስ ማስታወቂያ ለጠፈ፦ «ቤትዎን ያከራዩ፣ 3 ዓመት ባሕር ላይ ይኑሩ»። ቡና አብረን የምንጠጣ አንድ ጡረተኛ ጓደኛዬ ስልኩን ይዞ መጣ። ቁጭ አድርጌ ነገርሁት። በ2016 ዓ.ም. ጥቅምት ከኢስታንቡል ሊነሣ የነበረ የ3 ዓመት ጉዞ ነበር፤ ቀኑ ተገፋ፣ መነሻው ተቀየረ፣ ኅዳር ላይ ጭራሽ መርከቡን መግዛት ስላልተቻለ ተሰረዘ። ቤታቸውን ሸጠውና አከራይተው የተነሡ ሰዎች ነበሩበት። በዚያው ዓመት ግንቦት ደግሞ ከቤልፋስት ሊነሣ የነበረ ሌላ የዓመታት ጉዞ መርከብ መሪውና ጊርቦክሱ ተበላሽቶ እስከ መስከረም አራት ወር ሲጠገን ቆየ፤ መንገደኞቹ ቀን መርከቡ ላይ እየዋሉ ማታ እየወረዱ ሆቴል ያድሩ ነበር።

ጓደኛዬ እስከ መጨረሻው አዳመጠኝ። ስኒውን አስቀመጠና «ለመሆኑ» አለኝ፣ «ቤቴ ስንት የሚከራይ ይመስልሃል?»