የማይስማማን ሰው ስለማሳመን የወሰድኩት ሥልጠና፦ የወደድኩትም ያልወደድኩትም

ሰው ስለማሳመን የሚሰጥ የስድስት ሳምንት የኦንላይን ሥልጠና ሰሞኑን ጨረስኩ። የተመዘገብኩት በአባቴ ምክንያት ነው። የደም ግፊት መድኃኒታቸውን ካቆሙ ሦስት ወር ሆኗቸው ነበር። «ምንም ሳያመኝ ለምን እውጣለሁ?» ይላሉ። እኔ ስለ ስትሮክ ያነበብኩትን ሁሉ እደረድርላቸዋለሁ፤ በተናገርኩ ቁጥር ይብስባቸዋል።

ለምን እንደሚብስባቸው የገባኝ በሁለተኛው ሳምንት ነው። ጃክ ብሬም የተባለ የሥነ ልቦና ተመራማሪ በ1966 እ.ኤ.አ. እንዳስረዳው፣ ሰው የመምረጥ ነፃነቱ የተነካ ሲመስለው ነፃነቱን ለማስመለስ ሲል እንቢታው ይጠነክራል። እንቢታቸውን ያጠነከርኩት እኔው ነበርኩ። ያን ማታ እንቅልፍ አልወሰደኝም።

ጊዜዬ አልባከነም ያስባለኝ ግን ሦስተኛው ሳምንት ነው። ዊልያም ሚለር በ1983 እ.ኤ.አ. የመጠጥ ችግር ያለባቸውን ሰዎች ለመርዳት ያቀረበውን የውይይት ስልት ተማርን፤ የመለወጫውን ምክንያት ሰውየው በራሱ አንደበት እንዲናገረው መርዳት ነው። ጥንድ ጥንድ ሆነን ተለማመድን። አንዱ አቋሙን ይናገራል፣ ሌላው «አዎ፣ እሱን ነው ያልኩት» እስኪባል ድረስ መልሶ ይነግረዋል። እኔ የተሳካልኝ በአራተኛው ሙከራ ነው፤ በየመሀሉ «ግን» እያልኩ እንደምገባ አጣማጄ ባትነግረኝ አላውቀውም ነበር።

ቅዳሜ ከአባዬ ጋር ተቀመጥን። «መድኃኒቱን መውሰድ ምን ያህል ይጠቅመኛል ይላሉ? ከ0 እስከ 10 ቁጥር ይስጡት» አልኳቸው።

«ሦስት።»

ቀድሞ ቢሆን «ሦስት ብቻ?» ብዬ እጮህ ነበር። «ለምን ዜሮ አላሉም?» ስላቸው ዝም አሉ። መነጽራቸውን አውልቀው በሸሚዛቸው ጫፍ ጠራረጉ። «ወንድሜም ምንም አላመመውም ነበር። ድንገት ነው የወደቀው» አሉኝ። መድኃኒቱ እንደሚያዞራቸውም የሰማሁት ያኔ ነው። አብረን ሐኪም ዘንድ ሄድን፣ ተቀየረላቸው። አሁን ይወስዳሉ።

አምስተኛው ሳምንት፣ በጽሑፍ ስለመከራከር የሚለው፣ ስላይድ ከማንበብ አላለፈም። 24 ሰው በአንድ ክፍል ስለነበርን አሠልጣኙ ልምምዳችንን ያየልን ሁለቴ ብቻ ነው። በጣም ያሳዘነኝ ደግሞ «ማንንም ታሳምናላችሁ» የሚለው ማስታወቂያቸው ነው። ማስረጃ አድርገው ያቀረቡት ብሩክማንና ካላ የተባሉ ተመራማሪዎች በ2016 እ.ኤ.አ. ያወጡትን ጥናት ነው። 10 ደቂቃ ያህል የሚፈጅ፣ ሰውን ሳይፈርዱበት የሚደረግ ውይይት ያመጣው የአመለካከት ለውጥ ከሦስት ወር በኋላም እንዳለ አሳይቷል። ለውጡ ግን በአማካይ የተለካ ነው፤ እያንዳንዱ ሰው ተለወጠ ማለት አይደለም። ለተማሪ ይህ በግልጽ ሊነገረው ይገባል።

ቤታችሁ ውስጥ ከምትወዱት ሰው ጋር የተካረራችሁ ካላችሁ ግቡበት። ከመመዝገባችሁ በፊት ግን በአንድ ክፍል ስንት ሰው እንደሚመደብ ጠይቁ።