ተጣጣፊው የአሉሚኒየም ዎከር፦ ጉልበት ለሚያስቀይር ሰው ይሆናል?

ጉልበት የማስቀየር ቀዶ ሕክምና አሁን አሁን ታካሚውን አልጋ ላይ አያቆየውም፤ ብዙ ጊዜ በዚያው ቀን ወይም በማግስቱ ያስነሡታል። ስለዚህ ዎከሩ (ይዘውት የሚራመዱት ባለ አራት እግር መደገፊያ) ቀድሞ መገዛት አለበት። በጥቁር አንበሳና በተክለ ሃይማኖት ዙሪያ ባሉ የሕክምና ዕቃ ሱቆች የሚገኘው ተጣጣፊ ዎከር ለዚህ ጥሩ ዕቃ ነው፤ አይከብድም፣ ታጥፎም ታክሲ ውስጥ ይገባል።

ጣጣው ቁመቱ ላይ ነው። ሻጩ እንዳለ ያስረክባል፣ ገዢውም እንዳለ ይጠቀምበታል። ጫማ አድርገው፣ እጅዎን ወደ ታች ለቀው ሲቆሙ መያዣው ከእጅ አንጓዎ ጋር መስተካከል አለበት፤ ሲይዙት ክርንዎ ከ20 እስከ 30 ዲግሪ ገደማ ይታጠፋል። ከፍ ካለ ትከሻ ይደክማል፣ ዝቅ ካለ ወገብ ያጎብጣል። አራቱም እግሮች እኩል ቀዳዳ ላይ መሆናቸውን ይቁጠሩ። በየእግሩ ያለው የቁመት ማስተካከያ ቁልፍ በቀዳዳው ቀጭ ብሎ ካልወጣ፣ ክብደት ሲያርፍበት እግሩ ወደ ውስጥ ይገባል።

የፊት ተሽከርካሪ ጎማ ያለው ለሴራሚክ ወለል ይመቻል፤ ኮብልስቶን ላይ ግን በድንጋዮቹ መሃል ይቀረቀራል። የእግሮቹ ጫፍ ላስቲክ ሲያልቅ እርጥብ ወለል ላይ ያንሸራትታል፤ መለዋወጫውን አብረው ይግዙ።

ሊፍት በሌለው ኮንዶሚኒየም ለሚኖር ዎከር ብቻውን አይበቃም፤ ደረጃ ላይ አደገኛ ነው። እዚያ የሚያዋጣው የደረጃው መደገፊያና ክራንች ነው፦ ሲወጡ ደህናው እግር፣ ሲወርዱ ቀዶ ሕክምና የተደረገለት ይቀድማል። ዱካ (ያቺ የቡና ሰዓቷ) ጉልበትን ከልክ በላይ ስለምታጥፍ ለጊዜው ትቆይ።

ከመክፈልዎ በፊት የመጸዳጃ ቤትዎን በር ስፋት ለክተው ይሂዱ፤ ተዘርግቶ የማያልፍ ዎከር ብዙ ነው።