ፒያሳ የጦር ሜዳ መነጽር ልትገዙ ያሰባችሁ፣ ይህን ሳታነቡ ብር እንዳታወጡ

ገና አሁን ከሱቁ መመለሴ ነው፤ እጄ እስካሁን ይንቀጠቀጣል። ጥምቀት እየደረሰ ነው፣ ጎንደር እንግዳ ሊሞላት ነው፣ ወደ ስሜን የምንወጣ አስጎብኚዎችም ዕቃ የምናሟላበት ሰሞን ነው። ስለዚህ ንዴቴ ሳይበርድ ልጻፈው። ከበረደ «ተወው፣ ነገ መንገድ ላይ የምትገናኘው ሰው ነው» የሚለኝ አይጠፋም።

ሱቁን በስም አልጠራም፤ ዓይነቱን ግን ታውቁታላችሁ። የእጅ ባትሪ፣ የወታደር ቦርሳ፣ ሰንጢ፣ ቻርጀርና ሰዓት በመስታወት መደርደሪያ ተደርድሮ፣ ሁሉም «ኦሪጅናል» የሆነበት ቤት። ጋሼ ይግቡ፣ ጋሼ ይቀመጡ፣ ቡና ይምጣልዎት።

የፈለግኩትን ለይቼ ነው የሄድኩት። ቀኑን ሙሉ አንገት ላይ ቢውል የማይከብድ፣ 8 በ42 የሚባለውን። አዳኝም ሆነ ወፍ ተመልካች ይህን ልክ የሚወደው በምክንያት ነው። 8 እጥፍ ያቀርባል፣ የፊቱ ሌንስ ስፋት ደግሞ 42 ሚሊ ሜትር ነው። ከ10 እጥፍ በላይ ሲሆን የእጅ መንቀጥቀጥም አብሮ ይጎላል፤ ዳገት ወጥቶ ልቡ እየመታ ያለ ሰው ያለ ማቆሚያ ምንም አያይበትም። ዋልያም ሆነ ድኩላ ደህና አድርጎ የሚታየው ማለዳና አመሻሽ ላይ ነው፣ ያን ጊዜ ደግሞ ብርሃን የሚሰበስብልህ የፊቱ ሌንስ ስፋት ነው።

ከመደርደሪያው ያወረደልኝ መነጽር ደህና ነበር፣ ይህን አልክድም። በሩ ላይ ቆሜ ወደ ፋሲል ግንብ አዞርኩት፤ የግንቡ ድንጋይ አንድ በአንድ ተለይቶ ታየኝ። «ይሄንኑ ስጠኝ» አልኩት።

«ጋሼ፣ ይሄማ ለማሳያ ነው፣ የስንቱ እጅ ነክቶታል። ለእርስዎ ያልተፈታውን ላውጣልዎት» አለና ከመጋረጃው ጀርባ ገባ። ካርቶን ሲንኮሻኮሽ ሰማሁ፣ ቀጥሎ ፕላስተር ሲሳብ። ይዞት ሲወጣ ካርቶኑ ዙሪያውን በፕላስተር ተጠምጥሟል። ልከፍተው እጄን ስሰድ መዳፉን ካርቶኑ ላይ ጫነ። ቀለበት ያለበት፣ ወፍራም መዳፍ፤ አሁንም ፊቴ ላይ አለ። «እዚህ ከተከፈተ ዋስትናው ይወድቃል፣ ቤትዎ ገብተው ይክፈቱት» አለኝ ፈገግ ብሎ። ይህን ሲለኝ ረዳቱ ካርቶኑን ከእጁ ተቀብሎ ፌስታል ውስጥ ከቶ ቋጠረው። ሁለቱ ሳይነጋገሩ ነው ይህን ያደረጉት፣ የለመዱት ሥራ ነው። 9 ሺህ ብር ከፈልኩ። በእጅ የተጻፈ ቁራጭ ወረቀት ሰጡኝ፤ «መነጽር 1» ይላል፣ ሌላ ነገር የለበትም።

በዚያው ሌሊት እንግዶቼን ይዤ ወደ ደባርቅ ስለተነሳሁ ካርቶኑ የተከፈተው ስሜን ፓርክ ውስጥ ጨነቅ የሚባለው ቦታ ላይ ነው፣ በማለዳ፣ እንግዶቹ ከበውኝ። ያየሁት ሌላ ዕቃ ነው! ጎኑ ላይ «90 በ80» የሚል ተጽፎበታል። ሌንሱ እንደ በርበሬ ቀይ ነው፤ ያ ቀይ ቅባት ቀዩን ብርሃን ወደ ውጭ ስለሚመልሰው በውስጡ የሚታየው ሁሉ አረንጓዴ ይሆናል። ጠመንጃውን ትከሻው ላይ ያነገተው ስካውታችን (የፓርኩ ጠባቂ) በባዶ ዓይኑ «ያውና፣ ከገደሉ ጫፍ ሦስት ዋልያ» ሲል፣ እኔ በመነጽሩ ስድስት ጥላ አያለሁ። ሁለቱ ቱቦዎች እኩል አልተገጠሙም፤ አንዱ ወደ ላይ፣ አንዱ ወደ ጎን ያያል። ከእንግዶቹ አንዷ ትልቅ ሴት ናቸው፤ በዓለም ላይ ከስሜን ሌላ የትም የማይኖረውን ዋልያ ሊያዩ ያን ሁሉ ባሕር አቋርጠው የመጡ ሰው። ጥቂት ተመልክተው ግንባራቸውን ይዘው መለሱልኝ። «አመሰግናለሁ» አሉኝ፤ እኔ ደግሞ መሬት ተከፍታ ብትውጠኝ በወደድኩ። ፀሐይ ስትወጣ ሌንሱ ከውስጥ በኩል ላብ ያዘው። ደህናው መነጽር አየር እንዳያስገባ የታሸገና ውስጡ ናይትሮጅን የተሞላ ስለሆነ እንዲህ አይሆንም።

ቤት ስመለስ በልጄ ማስመሪያ ለካሁት። 80 የተባለው የፊት ሌንስ 35 ሚሊ ሜትር ነው። ክንድን ዘርግቶ ወደ ብርሃን ሲይዙት በዓይን በኩል ትንሽ ብሩህ ክብ ይታያል፤ እሷ 5 ሚሊ ሜትር ገደማ ናት። የፊቱ ሌንስ ስፋት ለክቧ ስፋት ሲካፈል መነጽሩ ስንት እጥፍ እንደሚያቀርብ ይነግራል፤ 35 ለ5 ሲካፈል 7። ዘጠናው ሰባት ሆኖ ተገኘ ማለት ነው። የእውነት 90 በ80 ቢሆን ያ ክብ 1 ሚሊ ሜትር እንኳ ስለማይሞላ በእጅ ተይዞ የሚታይ ነገር አይኖረውም። ጽሑፉ ገና ከመነሻው ውሸት ነው።

ዛሬ ይዤው ሄድኩ። ጋሼ የለ፣ ቡና የለ።

«ከዚህ አልገዛህም» አለኝ ባለሱቁ። ወረቀቱን አሳየሁት። «መነጽር ይላል፣ መነጽር ሰጥቼሃለሁ።»

«ያሳየኸኝ 8 በ42 ነው።»

«90 ከ8 አይበልጥም? በላጩን ሰጠሁህ እኮ!»

ረዳቱ ሳቀ። ዕቃ የሚያዩ ሁለት ወጣቶችም አብረው ሳቁ። ሰውየው ሳቁን ሲያይ በረታና ድምፁን ከፍ አድርጎ «መነጽሩ ጤነኛ ነው፤ ይልቅ አንተ ሄደህ ዓይንህን ታከም» አለኝ። በአባቱ ዕድሜ ነኝ። ባትሪ ሊገዙ የቆሙ አንድ አዛውንት ብቻ «ኧረ ነውር ነው» ብለው ሳይገዙ ወጡ፤ እግዜር ይስጣቸው። ያ የሞከርኩት መነጽር አሁንም እዚያው መደርደሪያ ላይ ተቀምጧል፣ የሚቀጥለውን ሰው ይጠብቃል። ብሩ ያበግናል፣ ሳቁ ግን ይብሳል።

የምትገዙ ከሆነ የሞከራችሁትን እሱኑ ይዛችሁ ውጡ፣ ለማሳያ ነው ቢሏችሁም። የሩቅ የመብራት ሽቦ በሁለቱም ዓይን ተመልከቱበት፤ ሽቦው ሁለት ከሆነ ተዉት። ሕጋዊ ደረሰኝ ጠይቁ፣ ሞዴሉም በቁጥር ይጻፍበት።

የንግድ ውድድርና የሸማቾች ጥበቃ አዋጅ ቁጥር 813/2006 ጉድለት ያለበትን ዕቃ በ15 ቀን ውስጥ እንዲለወጥ ወይም ገንዘቡ እንዲመለስ የመጠየቅ መብት ይሰጣል። የእኔ ቀን አላለፈም፤ ነገ ጠዋት ንግድ ጽሕፈት ቤት ነኝ። ከዚሁ ሰፈር ገዝታችሁ ካርቶኑን ያልፈታችሁ ካላችሁ ዛሬ ማታውኑ ፍቱትና እዩት፤ እንደኔው ከሆነ ነገ አብረን እንግባ።