ዘጠኝ ወር ከሄሊዮ ጂ99 ጋር፦ ደንበኛ ቆሞ እየጠበቀኝ

ቱሉ ዲምቱ የሕንፃ መሣሪያ እሸጣለሁ። ሚስማር፣ ቀለም፣ ቧንቧ፣ እንዲህ እንዲህ ያለውን። አሁን አሁን ጥሬ ብር ይዞ የሚመጣ ደንበኛ ትንሽ ነው። በስልኩ ይልክና ስክሪንሾቱን ያሳየኛል። ስክሪንሾት ደግሞ አይታመንም፤ አንዴ ተሸውጃለሁ። ስለዚህ አፑን ከፍቼ ብሩ መግባቱን ሳላይ ዕቃ አላስነሳም።

አሮጌው ስልኬ ያስቸገረኝ እዚህ ላይ ነው። አፑን እነካለሁ፣ ስክሪኑ ነጭ ይሆናል፣ እኔም አፈጣለሁ። "ወንድሜ፣ አልገባልህም እንዴ?" ይላል ባጃጁን ውጭ ያስቆመው ሰውዬ። ምን ልበለው?

ልቀይር ብዬ ወጣሁ። ግን ብሩ በገበያ እንዲተመን ከተደረገበት ከሐምሌ 2016 ወዲህ ስልክ ቀልድ አይደለም። ሻጩ ሄሊዮ ጂ99 የሚባል ፕሮሰሰር (የስልኩ አንጎል የሆነው ቺፕ) ያለበትን ስልክ አሳየኝና "ስምንት ኮር ነው፣ 2.2 ጊጋኸርዝ" አለኝ። ኮር ፕሮሰሰሩ ውስጥ ሥራውን የሚሠራው ክፍል ነው፤ ጊጋኸርዝ ደግሞ የኮሩ የፍጥነት መለኪያ። የአሮጌውን ስልኬን ፕሮሰሰር ፈልጌ አየሁ። ሄሊዮ ፒ35፣ እሱም ስምንት ኮር፣ ጭራሽ 2.3 ጊጋኸርዝ! በቁጥር ከሆነ አሮጌው ይበልጣል። ልመለስ ስል የእህቴ ልጅ ያዘኝ። "ጋሼ፣ ጊጋኸርዙን ተወው፣ የኮሩን ዓይነት እይ።"

ልክ ነበር። የፒ35 ስምንቱም ኮሮች ኮርቴክስ ኤ53 ናቸው፤ አርም የተባለው የቺፕ ዲዛይን ኩባንያ በ2012 እ.ኤ.አ. ያስተዋወቀው ዲዛይን። ትእዛዝ የሚፈጽሙት በተራ ነው። ውሃ ጥዶ እስኪፈላ አጠገቡ ቆሞ የሚጠብቅ ሰው አስቡ። ጂ99 ላይ ሁለቱ ኮሮች ኮርቴክስ ኤ76 ናቸው። እነሱ ውሃው እስኪፈላ ሽንኩርቱን ይከትፋሉ። ቀሪዎቹ ስድስቱ ኤ55 ናቸው፣ ለቀለል ያለው ሥራ። አፕ ስንከፍት ደግሞ የሚደክሙት በዋናነት ትልልቆቹ ኮሮች ናቸው።

ነገር ግን ፍጥነቱን ሁሉ ለፕሮሰሰሩ ብሰጥ እዋሻለሁ። ፎቶውና አፑ የሚቀመጡበት ማከማቻም ተቀይሯል፤ የአሮጌው ኢኤምኤምሲ የሚባለው ዘገምተኛ ዓይነት ነበር፣ የአዲሱ ፈጣኑ ዩኤፍኤስ 2.2 ነው። ቴሌግራም ላይ አርባ የዕቃ ፎቶ ስጭን፣ ወይም ጋለሪው ጢም ብሎ ሞልቶ ስከፍተው፣ ልዩነቱን የማየው እዚያ ነው። "16 ጂቢ ራም" (ስልኩ እየሠራ ሳለ የሚጠቀምበት ጊዜያዊ ማህደር) የሚለውንም አትመኑት። የእኔ 8 ነው፤ ሌላው 8 ከማከማቻው የተበደረ ነው።

ከዘጠኝ ወር በኋላስ? አፑ አሁንም ቶሎ ይከፈታል። ባትሪው ከጠበቅሁት በላይ ነው። ፒ35 የተሠራው በ12 ናኖሜትር ነው፣ ጂ99 በ6 (ቁጥሩ የቺፑን አሠራር ርቀት ያሳያል፣ ሲያንስ ይሻላል)፤ ለተመሳሳይ ሥራ የሚበላው ኃይል ያንሳል። መብራት በሄደበት ቀን ጠዋት የሞላሁት ስልክ ሱቅ እስክዘጋ ያደርሰኛል። ለእኔ ከፍጥነቱ ይልቅ ይሄ ነው ትልቁ ነገር።

ያልተፈታው ኔትወርክ ነው። አመሻሽ ላይ፣ ሰው ሁሉ ወደ ቤቱ ሲገባ፣ አፑ ፏ ብሎ ይከፈታል፤ ከዚያ ክቧ ትዞራለች፣ ትዞራለች። ለዚህ ምንም ፕሮሰሰር አይረዳም። ጂ99 ደግሞ 5ጂ የለውም፤ አዲስ አበባ ላይ 5ጂ እያለ ይህን መግዛቴ አንዳንዴ ይቆጨኛል።

ቀትር ላይ ከቆርቆሮው ጣሪያ ሥር የእህቴ ልጅ ፐብጂ ሲጫወትበት ይሞቃል፤ ያኔ ጨዋታው ይንቀረፈፋል። የሚቀርጸው የቪዲዮ ጥራትም ከ2ኬ አያልፍም። እኔ የምቀርጸው የቧንቧ ጥቅል ስለሆነ ግድ የለኝም።

ቺፑ በብዙ ብራንድ ስልኮች ውስጥ ስላለ የእኔን ስም መጥራት አያስፈልግም። ጂ100 የሚባለውም ወጥቷል፤ ሲፒዩው ያው ነው፣ የተጨመረው በዋናነት የካሜራ አቅም ነው። ለእሱ ብላችሁ ብር አትጨምሩ።

ኤ53 ብቻ ያለበት ስልክ የያዘ ሰው ቢጠይቀኝ ቀይር እለዋለሁ፣ ያውም ሳላቅማማ። ሄሊዮ ጂ85 የሚባለው ቺፕ ያለበትን ስልክ የያዘውን ግን አልገፋፋውም፤ ሁለት ትልልቅ ኤ75 ኮር አለው፣ ባትሪውን ቀይሮ አንድ ዓመት ቢገፋበት ይሻለዋል። ልግዛ ካለም ሻጩን ስለ ጊጋኸርዝ ሳይሆን ስለ ማከማቻው ይጠይቀው። እኔ ሳልጠይቅ ነው የገዛሁት፤ ዩኤፍኤስ መሆኑን ያወቅሁት ቤት ገብቼ ነው።