የሁለት ቀኑ የፓልፔሽን ስልጠና፦ እጅ ላይ ምን ይቀራል?

ለፊዚዮቴራፒስቶችና ለማሳጅ ባለሙያዎች የሚዘጋጁ አጫጭር ስልጠናዎች ብዙውን ጊዜ ስላይድ ይበዛባቸዋል። ቀኑን ሙሉ ጡንቻ በሥዕል ሲታይ ይውልና፣ ማምሻውን ግማሽ ሰዓት አልጋ ላይ ተሞክሮ የምስክር ወረቀት ይታደላል። አዲስ አበባ ውስጥ አንድ የግል ማዕከል የሚሰጠው የሁለት ቀን የፓልፔሽን ስልጠና፣ ማለትም ሰውነትን በእጅ ዳስሶ የመለየት ትምህርት፣ እንዲህ አይደለም። ከ16ቱ ሰዓት 12ቱ እጅ ሰው ላይ የሚያርፍበት ነው። ሰልጣኙ 16፣ አልጋው 8፣ አሰልጣኙ 2 ነው። ጥንዶቹ በየ40 ደቂቃው ስለሚቀያየሩ እያንዳንዱ ሰልጣኝ ቀጭኑንም ወፍራሙንም፣ ስፖርተኛውንም ቢሮ የሚውለውንም ይዳስሳል። ይህ ቀላል ነገር አይደለም፤ ሁለቱን ቀን አንድ ጓደኛ ላይ ብቻ የሠራ ሰው የሚያውቀው የዚያን ጓደኛውን ገላ ብቻ ነው።

የመጀመሪያው ልምምድ በሰው ሳይሆን በወረቀት ነው። አንድ ዘለላ ጸጉር ጠረጴዛ ላይ ይደረግና በአንድ ገጽ ይሸፈናል፤ ሰልጣኙ ዓይኑን ጨፍኖ ጸጉሩ ከየት ተነስቶ ወዴት እንደሚሄድ በጣቱ ይፈልጋል። ሲያገኘው ሁለተኛ ገጽ ይጨመራል፣ ከዚያ ሦስተኛ። ጸጉሩ ከጣት የሚጠፋው አብዛኛውን ጊዜ ገጹ ስለበዛ ሳይሆን እጅ ስለከበደ ነው። ጣት ሲጫን ጫፉ ይጠፈጠፋል፤ ያኔ የሚሰማው ከሥር ያለው ነገር ሳይሆን የራስ ጫና ነው። ሌላው ስህተት ጣትን አንድ ቦታ ተክሎ መጠበቅ ነው። ጠርዝንና ሸካራነትን የሚለዩት የቆዳ ስሜት ተቀባዮች እንቅስቃሴ ይፈልጋሉ፤ ዝም ብሎ የተቀመጠ ጣት ወዲያው ይደነዝዛል። ስለዚህ ሳይጫኑ፣ ቀስ ብሎ፣ ወዲህና ወዲያ።

ቀጥሎ የኩሽና ሚዛን ይመጣል። ሰልጣኙ ቁጥሩን ሳያይ 500 ግራም፣ 1 ኪሎ፣ 4 ኪሎ እንዲጫን ይጠየቃል። 4 ኪሎ የተመረጠው የአሜሪካ የሩማቶሎጂ ኮሌጅ በ1990 እ.ኤ.አ. ለፋይብሮማያልጂያ (መላ አካልን ለሚያም የቆየ ሕመም) ባወጣው መስፈርት የሕመም ነጥቦች የሚጫኑበት ልክ እሱ ስለነበረ ነው፤ የአውራ ጣት ጥፍር መንጣት የሚጀምረውም እዚያ አካባቢ ነው። ጡንቻን ከጡንቻ ለመለየት ግን ከዚህ እጅግ ያነሰ ጫና ይበቃል። የኩሽና ሚዛን ቤት ውስጥ ካለ ይህ ልምምድ ስልጠናው ካለቀ በኋላም ሊቀጥል ይችላል፤ የወደድነውም ለዚህ ነው።

ክንድ ላይ የሚሠራው የንብርብር ልምምድም ጥሩ ነው። መጀመሪያ ጣት ቆዳውን ይዞ ከቆዳው ጋር ይንቀሳቀሳል እንጂ በቆዳው ላይ አይንሸራተትም። ከዚያ ትንሽ ጠለቅ ብሎ ጡንቻውን በአግድም ያቋርጣል። ክራር የሚመታ ሰው ክሩን በርዝመቱ ቢያሻሸው ድምፅ አያወጣለትም፤ አቋርጦ ሲነካው ነው የሚሰማው። ጡንቻና ቴንደንም (ጡንቻን ከአጥንት የሚያያይዘው ጅማት) እንዲሁ ናቸው። የተዳሰሰው ትክክለኛው መሆኑ የሚረጋገጠው በእንቅስቃሴ ነው፦ ጓደኛው መዳፉን አልጋው ላይ ደፍቶ የመሐል ጣቱን ብቻ ሲያነሳ፣ ክንዱ ላይ ከጣት ሥር የሚነሳው የጡንቻ ክር አንድ ነው፤ የቀለበት ጣቱን ሲያነሳ ጎረቤቱ ይነሳል። ይህን የለየ ሰልጣኝ ከምሳ በኋላ የሚመጣው አይከብደውም።

ከምሳ በኋላ አከርካሪ ነው። ሲ7ን (ሰባተኛውን የአንገት አጥንት) ለማግኘት አንገትና ጀርባ ሲጋጠሙ ጎላ ብለው የሚወጡት ሁለት አጥንቶች በሁለት ጣት ይያዛሉ። ጓደኛው አንገቱን ወደ ኋላ ሲመልስ የላይኛው ከጣት ሥር ወደ ፊት ይሸሻል፣ የታችኛው በቦታው ይቀራል። የሸሸው ሲ6፣ የቀረው ሲ7 ነው። ጎላ ያለውን ብቻ አይቶ ሲ7 ማለት ያሳስታል፤ ቲ1 (ከሥሩ ያለው የመጀመሪያው የጀርባ አጥንት) ከሱ በልጦ የሚጎላባቸው ሰዎች አሉ። ወገብ ላይ ደግሞ የተለመደው ዘዴ የሁለቱን ዳሌ አጥንቶች አናት የሚያገናኝ መስመር ነው። በራጅ ሲታይ መስመሩ ኤል4ን (አራተኛውን የወገብ አጥንት) ወይም ከኤል4 በታች ያለውን ክፍተት ያቋርጣል፤ በእጅ ሲፈለግ ግን ከዚያ ከፍ ይላል፣ ብዙ ጊዜም ኤል3 ወይም ከሥሩ ያለው ክፍተት ላይ ያርፋል። ምክንያቱ በአጥንቱ አናትና በእጃችን መካከል ያለው ቆዳና ስብ ነው፤ ሰውየው በወፈረ ቁጥር ስህተቱ ያድጋል። መፍትሔው እጅን መጀመሪያ ወደ ውስጥ ገፍቶ ስቡን ማሳለፍ፣ ከዚያ ወደ ታች ተጭኖ አጥንቱ ላይ ማረፍ ነው።

አሰልጣኞቹ እዚህ ላይ ያመጡት ዘዴ የስልጠናው ምርጥ ክፍል ነው። ጀርባ ላይ ግልጽ ፕላስቲክ ይለጠፋል፣ ሰልጣኙ ኤል4ን ፈልጎ ምልክት ያደርጋል፣ ፕላስቲኩ ይነሳና ሌላ ተለጥፎ ተረኛው ይገባል። የሦስት ሰው ፕላስቲክ ሲደራረብ ልዩነቱ በዓይን ይታያል፤ ሁለት ጣት የሚያህል ርቀት ሲመጣ ክፍሉ ጸጥ ይላል። ከዚያ አሰልጣኙ በእጅ በሚያዝ አልትራሳውንድ ትክክለኛውን ያሳያል። አልትራሳውንዱ አንድ ብቻ ስለሆነ ግን ስምንቱ አልጋ ወረፋ ይጠብቃል። ቢያንስ ሁለት ያስፈልግ ነበር።

ሁለተኛው ቀን በቁርጭምጭሚት ይጀምራል፤ እዚህ ቋንቋው ራሱ እንቅፋት ሆኗል። በአማርኛ ጡንቻን ከአጥንት የሚያያይዘውም፣ አጥንትን ከአጥንት የሚያያይዘውም ጅማት ነው። አሰልጣኙ ለሁለቱም «ጅማት» ሲል ሰልጣኙ ከውጭኛው ቁርጭምጭሚት ፊት ያለውን ከኋላ ካለው ጋር ያምታታል። በእጅ መለየት ግን ቀላል ነው። ቴንደን ጡንቻው ሲሠራ ይወጠራል፦ ጓደኛው እግሩን ወደ ውጭ ሲገፋ፣ በእጃችን ብንይዝበት፣ ከቁርጭምጭሚቱ ኋላ የፔሮኒየስ (የቅልጥም ውጭ ጎን ጡንቻዎች) ቴንደኖች ይነሳሉ። ሊጋመንት፣ ማለትም አጥንትን ከአጥንት የሚያያይዘው፣ ግን በጡንቻ ሥራ አይነሳም፤ የሚወጠረው መጋጠሚያው ሲንቀሳቀስ ነው። ብዙ ጊዜ የሚጎዳው የፊተኛው ሊጋመንት ከቁርጭምጭሚቱ የፊት ጠርዝ ወደ ታለስ (ከቅልጥም ሥር ያለው የእግር አጥንት) ይሄዳል፣ እግሩን ይዘን ወደ ታችና ወደ ውስጥ ስናዞረው ይወጠራል። ማዕከሉ በሚቀጥለው ዙር «ቴንደን» እና «ሊጋመንት» ቢል ይሻላል፤ ቃሉ ባዕድ ቢሆንም ግራ አያጋባም።

የመማሪያ ወረቀቱም መታረም አለበት። የሱፕራስፓይናተስ (ከትከሻ ጡንቻዎች አንዱ) ቴንደን የሚዳሰስበት ሥዕል ክንድ በጎን ተንጠልጥሎ ያሳያል። በዚያ አቀማመጥ ቴንደኑ በአብዛኛው አክሮሚየን (የትከሻ አናት አጥንት) ሥር ተደብቋል። ተዳሳሹ እጁን ወደ ጀርባው ሲያዞር ነው ከአጥንቱ ፊት ብቅ የሚለው። አሰልጣኞቹ አልጋ ላይ በትክክል አሳይተዋል፤ ቤት የሚገባው ግን ወረቀቱ ነው።

የትሪገር ፖይንት (ጡንቻ ውስጥ ሲነካ የሚያም ነጥብ) ክፍል ሚዛኑን የጠበቀ ነው። የላይኛው ትራፒዚየስ (የአንገትና የትከሻ ጡንቻ) በሁለት ጣት ተቆንጥጦ፣ ኢንፍራስፓይናተስ የሚባለው የትከሻ ጡንቻ ደግሞ ስካፑላ (ከትከሻ ኋላ ያለው አጥንት) ላይ ጠፍጣፋ በሆነ ጣት ይዳሰሳል። የሚፈለገው የተወጠረ ክር፣ በክሩ ላይ ያለ የሚያም ቦታ፣ ሰውየውም «የማውቀው ሕመም ይኸው ነው» ማለቱ ነው። በ1997 እ.ኤ.አ. በታተመ ጥናት ልምድ ያላቸው ባለሙያዎች እንኳ መጀመሪያ መስማማት አቅቷቸው፣ የተስማሙት አስቀድመው አብረው ከሰለጠኑ በኋላ እንደሆነ አሰልጣኞቹ አልደበቁም። «ቋጠሮ አገኘሁ» እያለ በሽተኛ የሚያስፈራራ ባለሙያ ይህን መስማት ነበረበት።

ከሰዓት በኋላ ግን ስልጠናው ይሮጣል። የአንገት ፊት፣ ፒሪፎርሚስ (የመቀመጫ ጥልቅ ጡንቻ) እና ፕሶአስ (ከወገብ አከርካሪ ወደ ጭን የሚወርድ ጡንቻ) በሁለት ሰዓት ውስጥ ታጭቀዋል። ፕሶአስ ብቻውን ያንን ሰዓት ይፈልጋል፦ ሰውየው በጀርባው ተኝቶ ጉልበቱን አጥፎ፣ ጣቶች ከሬክተስ አብዶሚኒስ (የሆድ የፊት ጡንቻ) የውጭ ጠርዝ፣ በእምብርትና በዳሌ አጥንት የፊት ጫፍ መካከል ይቀመጣሉ፤ ትንፋሹን ባስወጣ ቁጥር ትንሽ ትንሽ ይሰምጣሉ፤ እግሩን ከአልጋው ጥቂት ሲያነሳ ጡንቻው ይጠነክራል። ከጣት ሥር የደም ምት ከተሰማ እጅ ወዲያው ይነሳል። ችኮላ እዚህ ያሳምማል። ሆድ ከመነካቱ በፊት እርግዝና፣ ደም የሚያቀጥን መድኃኒት፣ የቅርብ ቀዶ ጥገና ስለመኖሩ የሚጠይቅ ቅጽ አልታደለም። ያበጠና የሞቀ ባት ሲያጋጥም መዳሰስ ትቶ ወደ ሐኪም መላክ እንደሚገባም የተነገረው መጨረሻ ላይ፣ ሰው ጫማውን እያሰረ ነው። ይህ የመጀመሪያው ቀን የመጀመሪያ ሰዓት ቢሆን ይገባ ነበር።

መጋረጃው ለስምንት አልጋ ሁለት ብቻ ነው፤ ሴት ሰልጣኞች ነጠላ ወይም ሰፊ ፎጣ ይዘው ቢሄዱ ይሻላል። ምዝገባው ዲፕሎማ ስለሚጠይቅ ወጌሻዎች መግባት አይችሉም፤ ብዙ ስብራትና ወለምታ ቀድሞ የሚደርሰው እነሱ እጅ በመሆኑ፣ የጥንቃቄው ክፍል እንኳ ለብቻው ቢከፈትላቸው መልካም ነበር።

ለመመዝገብ ካሰባችሁ ጥፍራችሁን ከዋዜማው ቁረጡ፣ ቁምጣና ክፍት ካናቴራ ያዙ፣ የቅንድብ እርሳስም አትርሱ፤ ማዕከሉ የሚያቀርበው ማርከር ቆዳ ላይ ሦስት ቀን ይቆያል።