የአለቃ ኪዳነ ወልድ ክፍሌ መዝገበ ቃላት በማታ ተማሪ እጅ

የግእዝ ንባብና የመጻሕፍት ትርጓሜ በማታ መማር ከጀመርሁ ሦስተኛ ዓመቴን ይዣለሁ። በዚህ ጊዜ ውስጥ ከገዛኋቸው መጻሕፍት አብዛኞቹ መደርደሪያ ላይ ቀርተዋል፤ ከጠረጴዛዬ ያልተነሣው የአለቃ ኪዳነ ወልድ ክፍሌ «መጽሐፈ ሰዋስው ወግስ ወመዝገበ ቃላት ሐዲስ» ነው። ይህን አስተያየት የምጽፈው ቅኔ ቤት ገብቶ ግሱን በቃሉ ለያዘ ሰው አይደለም፤ እርሱ ከእኔ የሚማረው ነገር የለም። ከመሥሪያ ቤት ወጥቶ በማታ ግእዝ ለሚቆጥር፣ ዳዊቱን ወይም ወንጌሉን ከነትርጓሜው ለመረዳት ለሚፈልግ፣ ይህን ውድ መጽሐፍ «ልግዛው ወይስ ይቅርብኝ» እያለ ለሚያመነታ ተማሪ ነው።

መጽሐፉ የሦስት ትውልድ ድካም ነው። ሥራውን የጀመሩት የኪዳነ ወልድ አስተማሪ የነበሩት መምህር ክፍለ ጊዮርጊስ ሲሆኑ፣ ደቀ መዝሙራቸው ኪዳነ ወልድ በኢየሩሳሌም በኖሩባቸው ረጅም ዓመታት ዕብራይስጥ፣ ሱርስትና ዐረብኛ እያጠኑ አስፋፉት። እርሳቸውም ኅትመቱን ሳያዩ በማረፋቸው፣ ተማሪያቸው ደስታ ተክለ ወልድ አደራውን ተቀብለው በ1948 ዓ.ም. በአዲስ አበባ፣ በአርቲስቲክ ማተሚያ ቤት አሳተሙት። ይህን የማነሣው የመጽሐፉን ጠባይ ስለሚያስረዳ ነው። መምህር ፊት ለፊቱ ለተቀመጠ ደቀ መዝሙር የሚናገረው ዓይነት ቋንቋ አለው፤ ያብራራል፣ ይከራከራል፣ የተሳሳተ የመሰለውንም ሳይራራ ይገሥጻል። ስሙም እንደሚነግረን፣ ቃላትን ብቻ ሳይሆን ሰዋስውንና ግስን አብሮ የያዘ ነው።

ምን እንደሚጠቅም በአንድ ጥቅስ ላሳይ። በመዝሙር 67 (በዕብራይስጡ ቁጥር 68) ያለውን «ኢትዮጵያ ታበጽሕ እደዊሃ ኀበ እግዚአብሔር» የሚለውን ቃል ያልሰማ አንባቢ ያለ አይመስለኝም። በ1954 ዓ.ም. የታተመው የአማርኛ መጽሐፍ ቅዱስ ግሱን «ትዘረጋለች» ብሎ ስለ ተረጎመው፣ ብዙዎቻችን ጥቅሱን የምናየው እንደ ልመና ሥዕል፣ እንደ ተዘረጋ ባዶ እጅ ነው። «ታበጽሕ» ግን በቁሙ መዘርጋት ማለት አይደለም። ሥሩ «በጽሐ» ሲሆን ደረሰ ማለት ነው፤ «አብጽሐ» ደግሞ አደረሰ ይሆናል። ስለዚህ ንባቡ ቃል በቃል ሲፈታ «እጆቿን ወደ እግዚአብሔር ታደርሳለች» ይላል። የሚደርሰው እጅ ባዶውን ነው ወይስ መባ ይዞ የሚለው ጥያቄ የሚነሣው እዚህ ላይ ነው፤ «ትዘረጋለች» ከሚለው የጀመረ ተማሪ ግን ጥያቄው መኖሩን እንኳ አያውቅም። የዕብራይስጡ ግስ በበኩሉ ከግእዙ «ሮጸ» እና ከእኛው «ሮጠ» ጋር አንድ ዘር ነው፤ እጇን ታስሮጣለች፣ ታፈጥናለች እንደ ማለት። እነዚህን ጎን ለጎን ማስቀመጥ የቻለ ተማሪ፣ መምህሩ «አንድም» ብለው ሌላ ፍቺ ሲያመጡ ከየት እንዳመጡት መጠየቅ ይጀምራል። እስከዚያ ድረስ እኔ «አንድም» የሚባለውን ሁሉ እንደ ጌጥ እቆጥረው ነበር።

ይሁን እንጂ ወደ «በጽሐ» መድረስ ራሱ ዋጋ ያስከፍላል። በመጀመሪያው ወር «ታበጽሕ»ን በ«ተ» ፊደል ሥር ፈልጌ፣ አጥቼ፣ መጽሐፉ ጎደሎ ነው ብዬ ደምድሜ ነበር። ግሱ የተደረደረው በሥሩ ስለ ሆነ፣ «ተ» በሥሩ ላይ የተጨመረ ባዕድ ፊደል መሆኑን ያላወቀ አንባቢ በሩን አያገኝም። በሩን ያወቀውም ቢሆን ሌላ ፈተና ይጠብቀዋል፤ ፊደሉ የተሰለፈው እኛ በለመድነው በ«ሀ ለ ሐ መ» ሳይሆን በ«አ በ ገ ደ» ነው። አለቃ ይህ ተራ ጥንታዊው ነው ብለው ስለሚያምኑ አልተደራደሩበትም። ደስታ ተክለ ወልድም በ1962 ዓ.ም. ባሳተሙት የአማርኛ መዝገበ ቃላታቸው የመምህራቸውን ተራ ጠብቀዋል። በእኔ አስተያየት ለተማሪ የሚመች ምርጫ አልነበረም፤ አንድን ቃል ለማግኘት ሁለት ጊዜ ማሰብ ያስፈልጋል። ሆኖም ከዕብራይስጡ አሌፍ፣ ቤት፣ ጊሜል፣ ዳሌት ጋር የሚገጥም በመሆኑ፣ የአቡጊዳን ተራ በልጅነቱ የዘመረ ሰው በጥቂት ሳምንት ይለምደዋል።

ከሁሉ በላይ የተጠቀምሁት በፊደል ላይ ባለው ጥንቃቄ ነው። በአማርኛ ድምፃቸው አንድ የሆነውን «ሰ» እና «ሠ»፣ «አ» እና «ዐ» እያደባለቅን ስለምንጽፍ፣ ግእዙንም በዚያው ልማድ እናነብበዋለን። «ሰረቀ» የሌባ ሥራ ነው፤ «ሠረቀ» ግን ፀሐይ ወጣ ማለት ነው። «ሰአለ» ለመነ ሲሆን «ሠዐለ» ሥዕል ሣለ ነው። በአንድ የፈተና ወረቀት ላይ የጸሎትን ቃል በ«ሠ» እና በ«ዐ» ጽፌ፣ ምእመናኑን ሁሉ ሠዓሊ ስላደረግኋቸው መምህሬ በቀይ ብዕር ብቻ ሳይሆን በሳቅም አርመውኛል። የፊደል ክርክር የሊቃውንት ቅንጦት የሚመስለው ሰው ይህን መጽሐፍ ለአንድ ወር ይያዝ።

መዝገበ ቃላቱ የማይሠራውንም መናገር ተገቢ ነው። የትርጓሜ መጽሐፍን አይተካም። በዮሐንስ ወንጌል ምዕራፍ 1 «ወውእቱ ቃል ሥጋ ኮነ ወኀደረ ላዕሌነ» የሚለውን ስናነብ፣ «ኀደረ» የአማርኛው «አደረ» አባት መሆኑን፣ በግእዙ ግን አንድ ሌሊት ከማሳለፍ ሰፍቶ መኖርንና ማደሪያ ማድረግን እንደሚጨምር፣ «ማኅደር»ም ከዚሁ እንደ ወጣ በቃሉ ዘር እንረዳለን። «ኮነ» በምሥጢረ ሥጋዌ፣ ማለት ቃል ሰው በሆነበት ምሥጢር፣ እንዴት ይታያል፣ «ላዕሌነ»ስ በማን ላይ ነው የሚለውን ግን ሊቃውንቱ በሐተታቸው ያወጡትን ከመምህር አፍ ወይም ከታተመው የአንድምታ (የትርጓሜ) መጽሐፍ መስማት ግድ ይላል። አንዳንድ የክፍል ጓደኞቼ መዝገበ ቃላት ከገዙ በኋላ ከመምህሩ መቅረት ጀምረዋል፤ አይበጅም።

ከሌሎቹ ጋር ሲነጻጸር ያለው ብልጫ ግልጽ ነው። ጀርመናዊው የግእዝ ምሁር ዲልማን በ1865 እ.ኤ.አ. ያሳተመው ታላቅ መዝገበ ቃላት ከመጻሕፍት ባመጣቸው ጥቅሶች ብዛት የሚያስደንቅ ቢሆንም ፍቺው በላቲን ነው። የሴም ቋንቋዎች ምሁሩ ቮልፍ ሌስላው በ1987 እ.ኤ.አ. ያወጣው ደግሞ የሴም ቋንቋዎችን ዝምድና ለሚያጠና ሰው እጅግ ይጠቅማል፤ ነገር ግን የግእዙን ቃል በላቲን ፊደል ጽፎ በእንግሊዝኛ ይፈታዋል። የኪዳነ ወልድ መጽሐፍ ግን በርእሱ ገጽ እንደሚለው «ንባቡ በግእዝ፣ ፍችው ባማርኛ» ነው። አማርኛውም የዛሬ አማርኛ አይደለም፤ «ባማርኛ»፣ «ያማርኛ» እያለ አጣጥፎ የሚጽፍ፣ አንዳንዴ ራሱ ሌላ ፍቺ የሚያስፈልገው ነው። እኔ እንዲህ ያለ ቃል ሲገጥመኝ ወደ ደስታ ተክለ ወልድ እሄዳለሁ፤ የተማሪው አማርኛ የመምህሩን አማርኛ ይፈታልኛል።

ለመግዛት የወሰነ ሰው መጽሐፉን ሳይገልጥ አይክፈል። ቀደም ሲል የገዛሁት ቅጂ ከቆየው እትም ላይ በፎቶ የተባዛ ስለ ነበር፣ «ጸ» ከ«ጰ» የማይለይባቸው ገጾች ነበሩበት፤ ሻጩም አልመልስም አለኝ። ቢያንስ መካከሉንና መጨረሻውን ገልጦ ማየት፣ ጥራዙንም መፈተሽ ያስፈልጋል፤ መጽሐፉ ከባድ ስለ ሆነ በሙጫ ብቻ የተጠረዘው ቶሎ ይገነጠላል። ሁለተኛው ቅጂዬ የተሰፋ ነው። በሽፋኑ ውስጠኛ ገጽ የአበገደን ተራ በእርሳስ ጽፌበታለሁ፤ በሦስተኛ ዓመቴም «ጸ» የት ጋ እንዳለች ሲጠፋኝ አሁንም ወደዚያው ገጽ እመለሳለሁ።